ከጅማ ቤት ለመግባት፦ አየር ጤና ወርዶ ላምበረት እስኪደርሱ

የከፈትኩት ጥያቄ

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ የጻፍኩት የሴሚስተሩ ፈተና ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ 4ኛ ዓመት ነኝ፤ ቤታችን ደሴ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ደግሞ 400 ገደማ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን ወንበር ይዤ እስከተቀመጥኩ ድረስ እችለዋለሁ። የማልችለው በመሃል ያለውን ነው፤ አየር ጤና መናኸሪያ ወርጄ፣ ሻንጣዬን ተሸክሜ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ ላምበረት መናኸሪያ እስክደርስ ያለውን። ከጅማ ንጋት ላይ የተነሳ አውቶቡስ አየር ጤና የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚሄደው ደግሞ የሚነሳው በማግስቱ ንጋት ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር ግድ ይሆናል። ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ያድራል። ዘመድ የሌላት የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ግን ምን ታድርግ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

የራሴንም ጨምሬ ጻፍኩ። የመጀመሪያ ዓመት ስመለስ የተሳፈርንበት መኪና ወልቂጤን እንዳለፍን ጎማው ፈነዳ፤ መለዋወጫው ጎማም ነፋስ አልነበረውም። ሌላ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆየንና አየር ጤና ስንደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፎ ነበር። ገና በሩ ሳይከፈት ልጆች መስኮቱን እየደበደቡ ሻንጣችንን በቀለሙ ይሻሙ ጀመር። አንዱ የእኔን ከረዳቱ እጅ ተቀብሎ ወደ አንድ ሚኒባስ ሮጠ፤ ሻንጣዬን ተከትዬ ገባሁ። ላምበረት ያደርሰኛል የተባለው ሚኒባስ መርካቶ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አውርዶኝ ሄደ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፤ የአክስቴ ልጅ ቁጥር ስልኩ ውስጥ እንጂ ጭንቅላቴ ውስጥ የለም። ለእናቴ የገዛሁት የጅማ በርጩማ ከሻንጣው ጋር በሲባጎ ታስሮ ነበር፤ ሲወረውሩት አንድ እግሩ ተሰብሮ በሲባጎው ተንጠልጥሎ ቀረ። ቆሎ የምትሸጥ አንዲት እናት እጄን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ሱቅ አስገባችኝና ስልኬን ቻርጅ አደረግሁ። እስከ ዛሬ ያንን ሱቅ ብፈልገው አላገኘውም።

የመጡት መልሶች

የመጀመሪያው መልስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጣ። ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚማር ልጅ ነው፤ አይዞሽ ብሎ ጀመረና ደረጃቸው ከፍ ያለውን አውቶቡሶች እንድንይዝ መከረ። እሱ የያዘው መስቀል አደባባይ አካባቢ ስላወረደው ከዚያ ወደ የትም መሄድ እንደቀለለው ነገረን። ትኬቱንም ዶርሙ ውስጥ ተቀምጦ በስልኩ እንደቆረጠ፣ በቴሌብር እንደከፈለ ጨመረ።

2ኛው እኔን ለማረም የገባ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄድ ሁሉ ከላምበረት እንደሚነሳ አድርጌ ጽፌ ነበር፤ ስህተት ነው አለ፤ ልክም ነው። ላምበረት የደብረ ብርሃንና የደሴ መስመር ነው። የጎጃምና የጎንደር ልጅ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ነው የሚሄደው፤ የአዳማና የሐዋሳው ቃሊቲ፣ የአምቦው አስኮ። ይህን የማያውቅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ጽሑፌን አንብቦ ለባሕር ዳር ላምበረት ቢሄድ ጥፋቱ የእኔ ይሆን እንደነበር በትንሹ ቆጣ ብሎ ነገረኝ። ጽሑፌን ወዲያው አስተካከልኩ።

3ኛዋ ለመጀመሪያው መልስ መለሰች። የዚያ አውቶቡስ ዋጋ ለነን ካፌ (ግቢ ካፌ ለማይመገብ) ተማሪ የሳምንታት የምግብ ብር መሆኑን አስታወሰችው። በዚያ ላይ የሚያወርዱበት ቦታ ከድርጅት ድርጅት ይለያያልና ትኬት ሲቆረጥ መውረጃውን ጠይቆ ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ጻፈች። አነጋገሯ ጠንከር ያለ ቢሆንም አልተሳሳተችም።

4ኛው መልስ ከሁሉም የጠቀመኝ ነው። ሠፈሩ ሲኤምሲ የሆነ ተማሪ መንገዱን በሦስት ቆራርጦ አስቀመጠው፦ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች በታክሲ፣ ከጦር ኃይሎች መገናኛ በቀላል ባቡር፣ ከመገናኛ ላምበረት ደግሞ አንድ አጭር ታክሲ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጀምሮ የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከጦር ኃይሎች አያት ነው የሚሄደው፤ ቃሊቲ የሚሄድ ሰው ስታዲየም ላይ ወርዶ የሌላውን መስመር ይይዛል። የአየር ጤናን ትርምስ አልፎ ጦር ኃይሎች የደረሰ ሰው ከዚያ በኋላ መሳሳት አይችልም፤ ባቡር መንገድ አይቀይርምና። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ስመላለስ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

5ኛዋ ግን ባቡሩን ከእነ ሻንጣ ሞክራው ነበር። ከ10 ሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሲወጣ ሰው ለመቆሚያ ይጣበባል፤ ሻንጣ ያለው ሰው በሩ ላይ ይቀራል ወይም ከገባ በኋላ መውረጃው ላይ መውጣት ያቅተዋል። ልደታ ልትወርድ ፈልጋ ስታዲየም እንደወረደች ጻፈች። ስልክና ገንዘብ በፊት ለፊት በሚታጠቅ ቦርሳ ይሁን፤ ጀርባ ላይ ያለ ቦርሳ የራስሽ አይደለም የሚለው ምክሯን ደግሞ ለእኅቴም አስተላልፌዋለሁ።

6ኛው በስልክ የሚጠራውን ታክሲ አነሳ። አራት ሆኖ መከፋፈል ነው፤ ግን መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ መጥራት አይመከርም፤ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሰው ያለበት ካፌ ወይም ነዳጅ ማደያ ጋ ሆኖ መጥራት ይሻላል። ታርጋውን ስልኩ ላይ ካለው ጋር ሳያስተያዩ መግባት እንደማይገባም ደጋግሞ አሳሰበ።

7ኛውን መልስ የጻፉት በዚህ መስመር ለረጅም ዓመት የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ስለ አዲስ አበባ ትተው ስለ ጊቤ ነው ያወሩት። ከጅማ ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፎ የሚመጣ መኪና ከአበልቲ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ወደ ወልቂጤ ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሾፌር ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ ይከዳዋል፤ ጥሩ ሾፌር ገና ከአናቱ ማርሹን ቀንሶ በሞተር ነው የሚወርደው። ተሳፋሪው ይህን በጆሮው ሊያውቀው ይችላል አሉ፤ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካጓራ ሾፌሩ ይዞታል፣ ፀጥ ብሎ ከተንሸራተተ ግን ተናገሩት። አስከትለውም መተላለፊያው ላይ በርጩማ ተሰጥቷችሁ ትርፍ ሆናችሁ አትሳፈሩ፣ ከመናኸሪያ ውጭ ከሚጭን መኪናም ራቁ ብለው መከሩን። ጽሑፋቸው ረጅም ነበር፤ እኔ ግን ቃል በቃል አነበብኩት። ባለፈው ሰኔ ያንን ቁልቁለት ስንወርድ ሞተሩ ፀጥ ብሎ ነበር፤ ማንም አልተናገረም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ከ8 እስከ 11 ያሉት ከጊቤ ተነስተው ወደ ትውከት ሄዱ። ሸለቆው ሞቃት ነው፣ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ሰውም ንፋስ ይመታናል ብሎ መስኮት አያስከፍትም። ሎሚ ማሽተት ይረዳል ያለ አለ፤ ወሊሶ ላይ ጥብስ በልቶ የሚሳፈር ሰው ራሱ ጥፋተኛ ነው ያለም አለ። አንዷ ፌስታል ሳይዙ ጅማን መልቀቅ እንደማይገባ አስጠነቀቀች።

ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ የተካረረው 12ኛው ላይ ነው። ጸሐፊው የተማረው ከ1992 ዓ.ም. በፊት፣ ዩኒቨርሲቲው ገና ሳይመሠረት ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በነበረበት ጊዜ ነው። የዛሬ ተማሪ ስልክ ይዞ፣ ባቡር ተሠርቶለት፣ ታክሲ ደጁ እየመጣለት ያማርራል ባይ ነው። እነሱ የቆርቆሮ ሳጥን ተሸክመው መርካቶ ድረስ በእግር እንደሄዱ፣ ማንም እንዳላለቀሰላቸው ጻፈ። በመጨረሻም ከተማ መሻገር የፈራ ሰው ዲግሪውን ይዞ ምን ሊሠራ ነው ብሎ ጠየቀ።

13ኛዋ የ3ኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ አልማረችውም። ሳጥን ተሸክሞ የሄደው ወንድ ስለሆነ እንደሆነ፣ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ እንዲያ የሚሄድ ሴት ስለመኖሯ እንዲነግራት ጠየቀችው። በእሱ ጊዜ ጥቂት ሰው ነበር የሚማረው፤ ዛሬ ከየክልሉ ተመድቦ የሚመጣው የ18 ዓመት ልጅ ብዛት ሌላ ነው፤ አብዛኛው ጅማንም አዲስ አበባንም የሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፍርሃትና ጥንቃቄን አንድ አድርጎ ማየት ደግሞ ከጤና ባለሙያ እንደማይጠበቅ አከለች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። መከራ ስላየን የሚቀጥለውም ይየው የሚል ክርክር ሰምቼ ተስማምቼበት አላውቅም።

14ኛው ራሱ ሰውዬው ነው። ይቅርታ አላለም። ግን አንድ ጊዜ መናኸሪያ በር ላይ ሁለት ሌሊት እንዳደረ፣ በሁለተኛው ሌሊት ጫማውን እንደ ትራስ አድርጎ ተኝቶ ሲነቃ እንዳጣው፣ ቤቱም ባዶ እግሩን እንደገባ ጻፈ። ለእናቱ ግን ጫማውን ሰው ሰጠሁት እንዳላቸው ሳነብ ሆዴ ባባ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረውም።

15ኛው ሌላ በር ከፈተ። የሐዋሳ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ጨርሶ አይገባም። ወልቂጤ ላይ ወርዶ በጉብሬና በእምድብር አድርጎ ሆሳዕና ይወጣል፤ ወይም ከጅማ በጭዳ በኩል ወላይታ ሶዶ ይገባል። የሁለተኛው መንገድ ተራራማ ነው፣ መኪናውም በየሰዓቱ አይገኝም፤ ግን የአዲስ አበባን አዳር ያስቀራል። 16ኛዋ የነቀምት ልጅ ስለሆነች እሷም በአጋሮና በበደሌ ነው የምትሄደው፤ አዲስ አበባን ያየችው ከጓደኛዋ ጋር ለሠርግ ስትሄድ ብቻ ነው። ጅማ ላይ ስንቆም ሁሉም መንገድ በአዲስ አበባ የሚያልፍ ይመስለናል። ካርታ አውጥቼ ስመለከት ለደቡቡና ለምዕራቡ ልጅ እንደዚያ አይደለም።

17ኛው ከነቀምት ዓባይን ተሻግሮ፣ በቡሬ በኩል ጎጃም የሚያስገባ መንገድ እንዳለ አስታወሰ። 18ኛው ወዲያው አስቆመው፦ መንገዱ መኖሩ ሌላ፣ የዚያን ሳምንት ሰላም መሆኑ ሌላ ነው፤ ከመነሳት በፊት ከዚያ አካባቢ ሰው ደውሎ መጠየቅ ይቀድማል። በዚህ ጉዳይ ከ18ኛው ጋር ነኝ።

19ኛው ጉራጌ ነው፤ ስለ መስከረም አስጠነቀቀን። ከመስቀል በፊት ባሉት ቀናት አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ሁሉ አገሩ ይገባል፤ አየር ጤና ላይ የጅማ መንገድ መኪና በሙሉ ለወልቂጤና ለዙሪያው ይሆናል። ተማሪ ለምዝገባ ወደ ጅማ የሚመለሰውም በዚያው ሰሞን ከሆነ ሌሊት 9 ሰዓት ተሰልፎ ረፋዱ ላይ ሊሳፈር ይችላል። ከቻላችሁ ከበዓሉ አራት አምስት ቀን ቀደም በሉ፣ ካልሆነም በበዓሉ ዕለት ተጓዙ፤ ያን ቀን ሁሉም ክትፎው ላይ ነው ብሎ ደስ የሚል መልስ ሰጠን። እሱ ራሱ ክትፎ እንዲበላ የምጋብዘው እኔ ነኝ የሚል መልስም ወዲያው ተከተለ፤ 20ኛው እሱ ነው።

ከ21 እስከ 26 ድረስ ክሩ ወደ ቡና ዞረ። ከጅማ ባዶ እጁን ቤቱ የሚገባ ተማሪ የለም። አንዱ ለእናቱ የገዛውን ቡና ኬላ ላይ እንደወሰዱበት ጻፈ። ሌላው ቡና ቁጥጥር ያለበት ሸቀጥ ስለሆነ ፈታሾቹ ሥራቸውን ነው የሠሩት አለው። ሦስተኛው የእናት ስጦታና ኮንትሮባንድ ካልተለየ ሥራ ሊባል አይችልም ብሎ ተቆጣ፤ መሰዳደብም ተጀመረ። 25ኛው ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው፦ ተቆልቶና ተፈጭቶ ለቤት የሚበቃ ያህል ብቻ ይዞ መሄድ፣ ጥሬውን መተው። 26ኛዋ የተፈጨ ቡና እናቷ እንደማትጠጣ፣ ቆልታ ካልወቀጠች ቡና እንደማይመስላት መለሰች። እናቴም እንደዚያው ናት።

27ኛው ወደ ጅማ መለሰን፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ መጀመር ነበረብን። መኪና ለመድረስ ከዋናው ግቢ የምንወጣው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት በር ላይ የሚቆመው ባጃጅ ጥቂት ነው፤ ኮንትራት ነው የሚለው፣ የሚጠራውም ዋጋ የቀኑ አይደለም። ቀን ላይ በሰው ሒሳብ ከአጂፕ እዚሁ ጅማ ወዳለው መርካቶ የሚሄድ ልጅ ሌሊት ላይ የኪሱን ግማሽ ገና ጅማን ሳይለቅ ይጨርሳል። 28ኛው ራሱ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው ዋጋውን የሚጨምረው ባዶውን ስለሚመለስ እንደሆነ በጨዋነት አስረዳ፤ ሦስት ሆናችሁ ማታውኑ ከቀጠራችሁኝ ግን በቀኑ ሒሳብ እመጣለሁ አለ። ቁጥሩን ለብቻው ለጠየቁት ሰጥቷል። እኛ ዶርም ሁለት ጊዜ አሠርተነዋል፤ ከቀጠርነው ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

29ኛው የአጋሮ ልጅ ነው። ቤቱ 45 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ይመለሳል፤ ልብሱንም እዚያው ያሳጥባል። የሚናፍቀው ረጅም መንገድ መሄድ እንደሆነ ጻፈ፤ አምስት ሰዎች እንቀያየር ብለውታል።

30ኛው አዲስ አበቤ ነው፤ ያዘነው በእኔ ነው። ጽሑፌን ያነበበ ሰው አየር ጤና ያለው ሁሉ ሌባ ይመስለዋል አለ። እናቱ በየዓመቱ የማታውቃቸውን ተማሪዎች እንደምታሳድር፣ የግቢ ጉባኤና የጀመዓ ልጆች ማረፊያ ለሌላቸው ቤት እያፈላለጉ እንደሚያስተናግዱ፣ ይህን ሁሉ ትቼ ሻንጣ የነጠቀኝን ብቻ እንደጻፍኩ ወቀሰኝ። ቆሎ ሻጯን እንደጻፍኳት አስታወስኩት። ነገር ግን ያነሳው እውነት ነው፤ ያን ሌሊት በመጨረሻ ያሳደረኝም ሰው ነው። የግቢ ጉባኤውና የጀመዓው ጉዳይ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ገና ሲመዘገብ ሊነገረው ይገባል፤ እኔ የሰማሁት 3ኛ ዓመት ላይ ነው።

31ኛዋ ከደሴ ነው የጻፉት። የመጀመሪያ ዓመት ልጅ አላቸው፤ ፈተናዋን ሐሙስ ጨርሳ ዓርብ ትነሳለች። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም የላቸውም። ከላይ ያለውን ሁሉ አንብበው እንቅልፍ እንዳጡ፣ ጦር ኃይሎች የሚባለውን ቦታ በወረቀት ጽፈው እንደያዙት፣ ልጃቸው ግን ዓይናፋር ስለሆነች ሰው እንደማትጠይቅ ነገሩን። አብሯት የሚሄድ ሰው ይኖር እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቁት።

እዚህ ላይ ክሩ ፀጥ አለ። አንድ ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም። 32ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ እማማ፣ እኔም ዓርብ ነው የምሄደው፤ ልጅዎ ከእኔ ጋር አክስቴ ልጅ ቤት ታድራለች፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ከላምበረት አብረን እንሳፈራለን፤ የእርስዎን ቁጥር እኔ፣ የእኔንና የአክስቴን ልጅ ቁጥር ደግሞ እርስዎም ልጅዎም በወረቀት እንያዝ። 33ኛው የወልዲያ ልጅ ነኝ፣ እኔም በዚያው መኪና ነኝ አለ። 34ኛዋ የኮምቦልቻ ናት። 35ኛው ያ ሳጥን ተሸክሞ የሄደው ሰውዬ ነው፤ ዛሬ የሚኖረው ጦር ኃይሎች አጠገብ ስለሆነ ዓርብ ከሰዓት አየር ጤና ድረስ መጥቶ ሻንጣ እንደሚያግዘን፣ መኪናው ቢዘገይም እንደሚጠብቀን ጻፈ።

ማታውኑ በእርሳስ መስመር አስምሬ የዶርማችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ ላምበረት፣ አውቶቡስ ተራ፣ ቃሊቲ፣ አስኮ፣ ከሥር ደግሞ በወልቂጤ ሆሳዕና እና በበደሌ ነቀምት። ስምና የመነሻ ቀን መጻፊያ ቦታ አለው። ዓርብ በላምበረት መስመር የምንሄድ አሁን ስድስት ደርሰናል። ባጃጆቹ ሌሊት 10 ሰዓት ከሩብ በር ላይ ይቆማሉ፤ የምትመጡ ስማችሁን ነገ ከምሳ በፊት ጻፉ።